ሳይሰነጠቅ የቀረው ስንዴ

ሀብተ ሥላሴ እህል ፊት ከቆመ እጁ አያርፍም ነበር። ገበያም ይሁን ሰው ቤት፣ እፍኝ ሙሉ ይዘግንና በመዳፉ ላይ ያንከባልለዋል፣ ያሸተዋል፣ መጨረሻ ላይ በአውራ ጣቱ ጥፍር አንድ ፍሬ ሰንጥቆ ውስጡን ያያል። የባሕር ዳር እህል ነጋዴዎች ለምደውታል። «አንተ ሰው፣ ልትገዛው ነው ወይስ ልትባርከው?» ይሉታል። እሱም ፈገግ ብሎ የሰነጠቃትን ፍሬ ወደ አፉ ጣል ያደርግና ያልፋል።

መባረኩ እንኳ ጨርሶ ከሱ የራቀ አልነበረም። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ፣ ድቁና ተቀብሎ ነበር። አባቱ ሲሞቱ እናቱን የሚጦር ታጣና ትምህርቱን ትቶ ከተማ ወረደ፤ በአንድ የሰብል ጥበቃ ላቦራቶሪም ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። የእንግሊዝኛን ፊደል የለየው በር ላይ ተቀምጦ ከተጣሉ የመድኃኒት ቆርቆሮዎች ላይ ነው። ከቆርቆሮ ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ መጽሐፍ እያለ ስምንት ዓመት ሲያነብ ያዩት አለቆቹ፣ ዱላውን አስጥለው የናሙና ሰብሳቢነት ሥራ ሰጡት። ሥራው በጣና ዙሪያ ካሉ ጎታዎች ነቀዝ እየለቀመ ማምጣት ነበር። ሹም አቦ በሚባለው ሰፈሩ ያሉ ጎረቤቶቹ «የነቀዝ እረኛ» ብለው አወጡለት። እሱ ግን እግዚአብሔር ከዘበኝነት ያነሣው በዚች ትንሽ ፍጥረት ምክንያት ነውና ስሙን አልጠላውም።

ሥራው አንድ የማይታለፍ ደንብ ነበረው። ከየጆንያው መቶ ፍሬ ተቆጥሮ ይወጣል፤ መቶውም አንድ በአንድ ይሰነጠቃል። ክፉው ነቀዝ ገና ከአቧራ ያነሰ ትል ሳለ ወደ ፍሬው ይገባና ውስጥ ውስጡን እየበላ ያድጋል። ላዩ እንዳማረ ነው፤ ዓይን ያታልላል። ስለዚህ ሀብተ ሥላሴ የወዳጁንም የባለሥልጣኑንም እህል ሳያዳላ ይሰነጥቅ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ሰሜኑ በረሃብ ተመታ፤ የእርዳታ ስንዴም ከባሕር ማዶ መጥቶ በከተማው ዳር በነበረ አንድ መጋዘን ተከመረ። የሀብተ ሥላሴ ሚስት የሻሽወርቅ ከሌሎች ሴቶች ጋር የተቀደደ ጆንያ ለመስፋት እዚያ ተቀጠረች። ደመወዟ በየሳምንቱ ተሰፍሮ የሚሰጣት ስንዴ ነበር።

አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፤ አበራ ይባላል። ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ዓመት አልፎታል፤ ያለው ሰሜን ግንባር ነው። በሁለት ወር በሁለት ወር ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ከጥር ወዲህ ግን ጠፋ። የካቲት አለፈ፣ መጋቢትም አለፈ። በግንቦት የሻሽወርቅ ከሥራ ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ፣

«ተስያለሁ» አለችው።

«ምን ተሳልሽ?»

«መገበሪያ። ለሦስት ደብር፤ ለሥላሴ ብዬ ሦስት። ለሩፋኤል ደሴት፣ ለሐይቁ ዳሯ ማርያምና ለጊዮርጊስ። ልጄን ካለበት እንዲጠብቅልኝ።»

«ከምናችን እናመጣዋለን?»

«ከድካሜ ነዋ። እኛ ዳጉሳ እንበላለን።»

እንዳለችውም ሆነ። ያን ክረምት ከስንዴው አንዲት ፍሬ ወደ አፋቸው አልገባም። ሥጋ ወደሙ የሚሆን ስንዴ ንጹሕ ይሁን ብላ ማታ ከሥራ ስትመለስ በሰፌድ ዘርግታ፣ የተሰበረውን፣ የጠቆረውን፣ የቀጨጨውን እየለቀመች ታወጣለች። በጳጉሜን መጀመሪያ ሦስት ስልቻ ሞላ። ሀብተ ሥላሴ ብዙ እህል አይቷል፤ እንዲህ ያማረ ግን አላየም።

ለሩፋኤል በዓል ሊጭነው ሲነሣ እጁ እንደ ልማዱ ወደ ስልቻው ገባ። ዘገነ፣ አንከባለለ፣ ጥፍሩን አንዲቷ ፍሬ ላይ አሳረፈ።

«ተው» አለችው የሻሽወርቅ። «ለቁርባን ነው፤ እንደ ገበያ እህል ጥፍር አይነካውም።»

«እጄ ለምዶብኝ ነው።»

«እጅህን እሰረው እንግዲያ።»

ሳቁ። ፍሬዋን ወደ ስልቻው መለሳት። እንደ ሌላው እህል መድኃኒት ነስንሼ ላቆየው የሚል አሳብማ በልቡም አልዞረ። በመሠዊያ ላይ ለሚቀርብ ስንዴ መርዝ ማን ይነሰንሳል? ሁለቱን ስልቻ ለሐይቁ ዳር አድባራት አስረክቦ፣ ሦስተኛውን በታንኳ ጭኖ ወደ ደሴቱ ተሻገረ።

የገዳሙ መጋቢ አባ ወልደ ዮሐንስ የልጅነት ወዳጁ ነበሩ፤ ቅኔ ቤት አብረው ለምነው በልተዋል። ስንዴውን ሲያዩ «ይኼን የለቀመች እጅ ትባረክ» አሉ። በዚያ ደሴትና በሐይቁ ዳር አድባራት አንድ የአባት ልማድ አለ። በጳጉሜን ሦስት፣ ቅዳሴው ሲያልቅ፣ ከተረፈው መገበሪያ መጋቢው ለየቤቱ አንዳንድ እፍኝ ይሰጣሉ። ሰዉም ወስዶ በባዶ ጎታው ውስጥ ይበትነዋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ አዲሱ አዝመራ በዚያ በረከት ላይ ይፈሳል። አባም በዚያ ዓመት ከየሻሽወርቅ ስንዴ ለደሴቱ አባወራዎች ሁሉ በእጃቸው ዘግነው ሰጡ። ሀብተ ሥላሴ አጠገባቸው ቆሞ ሰዉ ነጠላውን እየዘረጋ ሲቀበል አየ፤ ልቡም ሞላ።

በሚያዝያ 1978 የደሴቱ ሰው ሊዘራው ያስቀመጠውን ስንዴ ሊያይ ጎታውን ቢከፍት፣ ያገኘው ዱቄትና ገለባ ነበር። ዱቄቱ ውስጥ ጥቁር ቡናማ ነቀዝ ይርመሰመሳል። ላቦራቶሪው የላከው መድኃኒት ተነሰነሰ፤ ነቀዙ በመድኃኒቱ ላይ ተራመደበት። የማርያምና የጊዮርጊስ አጥቢያም እንደዚሁ ሆነ። በመካከላቸው ያሉት መንደሮች ግን ደህና ነበሩ።

ነገሩ የላቦራቶሪውን አለቆች ቢያስገርማቸው ከአዲስ አበባ አቶ አንዳርጋቸው የሚባሉ ተመራማሪ ተላኩ። ወጣት፣ መነጽር ያደረጉ፣ ሰው የሚያከብሩ ነበሩ። ሀብተ ሥላሴን አስቀምጠው፣

«ጋሽ ሀብተ፣ እናንተ ጋ ሰው ሲጋባ ስንት ቤት ይቆጠራል?» አሉት።

«ሰባት ቤት።»

«እኔም የነቀዙን ቤት ልቆጥር ነው የመጣሁት።»

«ማን ይነግርዎታል? ነቀዝ ሽማግሌ የለው።»

«ደሙ ይነግረኛል።»

«ደም አለውና?»

«የአቅሙን ያህል።»

ከዚያ በኋላ አስረዱት። ነቀዙ በሕይወት እያለ ይፈጫል፤ ጭማቂው ከድንች በተሠራ፣ እንደ ገንፎ በረጋ ነገር ላይ ይደረግና ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። በጭማቂው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ገሚሱ ፈጥኖ፣ ገሚሱ ዘግይቶ ይጓዛል፤ ቀለም ሲነካም የደረሰበት ቦታ መስመር ሆኖ ይታያል። አንድ ዘር የሆኑ ነቀዞች መስመራቸው ይመሳሰላል። ይህ እንግዳ ነቀዝ ከመተማ መንገድ የመጣ እንደሆን ከዚያ ነቀዝ ጋር ይመሳሰላል፤ ከጎንደር እንደሆን ከጎንደሩ ጋር።

«ብቻ በሕይወት መድረስ አለባቸው። የሞተ አይናገርም» አሉ አቶ አንዳርጋቸው።

ሀብተ ሥላሴ አንድ ወር ሙሉ ዞረ። ከየቦታው ሃምሳ ሃምሳ ነቀዝ በብልቃጥ እየያዘ፣ የቦታውን ስምና ዕለቱ የየትኛው ቅዱስ ቀን እንደሆነ ጽፎ እየለጠፈ፣ በረዶ ባለበት ዕቃ አድርጎ በአውሮፕላን ላከ። ከመተማ መንገድ ላከ፣ ከጎንደር ላከ፣ ከደህናዎቹ መንደሮችም ላከ፤ ከሚስቱ መሥሪያ ቤት፣ ከመጋዘኑም ላከ። ሥራውን ወዶት ነበር። እነዚያ ነቀዞች በየብልቃጡ ሲንቀሳቀሱ እያየ፣ «አምላኬ፣ በዚች ፍጥረት ውስጥ እንኳ የትውልድ ሐረግ ጻፍህባት» እያለ ያደንቅ ነበር።

መልሱ በግንቦት መጨረሻ መጣ። ከሪፖርቱ ጋር የጣና ካርታ ተያይዟል። በካርታው ላይ አራት ቀይ ነጥቦች አሉ፤ አንዱ መጋዘኑ ነው፣ ሦስቱ ደሴቱና ሁለቱ አጥቢያዎች። ከመጋዘኑ ነቀዝ አብዛኛው አንድ ዘገምተኛ መስመር ነበረው፤ ያን መስመር የአካባቢው ነባር ነቀዝ አያውቀውም። በሦስቱ አድባራት የተገኘው ግን ሁሉም ያንኑ መስመር የያዘ ነበር። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦ «ነቀዙ በርሮ የተዛመተ አይደለም። ከመጋዘኑ በእህል ተጭኖ በቀጥታ ወደ ሦስቱ ቦታዎች ደርሷል።»

ሀብተ ሥላሴ ነጥቦቹን ቆጠራቸው። ደግሞ ቆጠራቸው። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። መንገዱን እሱ ያውቀዋል፤ ስልቻውን ተሸክሞ የሄደበት መንገድ ነው።

ሪፖርቱ ግን እሱ እጅ ብቻ አልደረሰም። ከመጋዘኑ የጠፋ የእርዳታ እህል አለ ተብሎ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር። ሊቀመንበሩ ጓድ አዘዘ ከላይ «ሌባው የታለ?» የሚል ደብዳቤ በየሳምንቱ የሚደርሰው ሰው ነው። ሪፖርቱን ሲያነብ የሚፈልገውን አገኘ። የመጋዘኑ እህል ገዳም ገብቷል፤ የገዳሙን እህል የሚይዙት መጋቢው ናቸው። በማግስቱ አባ ወልደ ዮሐንስን በሞተር ጀልባ አምጥተው በአንድ ቀበሌ ጓሮ፣ በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አሰሯቸው።

ሀብተ ሥላሴ ሊጠይቃቸው ሄደ። አባ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን ለቆርቆሮው ሰጥተው ነበር።

«ሰው መስክሮብኝ ቢሆን እከራከር ነበር» አሉት። «የመሰከረብኝ ነቀዝ ነው። ነቀዝን በምን መስቀል ያስምሉታል?»

«አባ፣ ስንዴው ከየት እንደመጣ ጠየቁዎት?»

«ጠየቁኝ። ለሩፋኤል የተሰጠ መገበሪያ ነው አልሁ። ማን ሰጠው አሉኝ። ስለት የሰጠ ሰው ስሙ በመንበሩ ፊት እንጂ በጽሕፈት ቤት አይጠራም አልሁ።»

«ለምን አይነግሯቸውም?»

አባ አተኩረው አዩት። ነቀዙ ከዚያ ስንዴ እንደመጣ ያወቁ መሰለው። «እኔ መነኩሴ ነኝ፤ አንድ ጊዜ ሞቻለሁ። እሷ ግን በዚያ ስንዴ ላይ ልጇን አስቀምጣለች» አሉት፤ ከዚያም ሳል ያዛቸው።

ሀብተ ሥላሴ ወጥቶ ወደ ቤቱ ሄደ። የሻሽወርቅ በር ላይ ተቀምጣ የአበራን አሮጌ ሸሚዝ ቁልፍ ታጠብቃለች። «ሲመጣ ይለብሰዋል» አለችው። ይነግራት ዘንድ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ዘጋው። ልጄን ይጠብቅልኛል ያለችው ስንዴ ሰው ሊዘራው ያስቀመጠውን እህል እንዳጠፋ ብትሰማ፣ ስለቷ ወደ እግዚአብሔር ሳይደርስ እንደተመለሰ ትቆጥረዋለች። ስለቱ ከተመለሰ ደግሞ ልጁስ? ዛሬ ይደርና ነገ እነግራታለሁ አለ። ነገ ሲሆን ደግሞ ለነገ አለ። የሚናገር መስሎት በየቀኑ ይነሣል፤ ፊቷን ሲያይ ይተወዋል። ለአባ ምግብ ያመላልሳል፤ ሳላቸው በየቀኑ ወደ ደረታቸው እየወረደ ሲሄድ ይሰማል። በስድስተኛው ቀን አባ ያመጣላቸውን አልቀመሱም።

በሰባተኛው ቀን የሻሽወርቅ ራሷ ጠየቀችው። «ስለ አባ ከተማው ያወራል። የእርዳታ እህል ሰረቁ ይላሉ። እሳቸው ይሰርቃሉ ብለህ ታምናለህ?»

«አላምንም።»

«ታዲያ የመጋዘኑ ስንዴ ደሴቱ እንዴት ገባ?»

ዓይኑ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ሰፌድ ሄደ። ዓይኗ የእሱን ተከተለ። ቀስ በቀስ ፊቷ ሲለወጥ አየ።

«የኔ ነው» አለች።

«የኛ ነው። እኔ ነኝ የተሸከምሁት። አንዲት ፍሬ ሰንጥቄ ቢሆን ኖሮ አይ ነበር። ያንቺን ስንዴ ብቻ ሳልሰነጥቅ አሳለፍሁ።»

«ከልካይዋ እኔ ነኝ።»

«ሥራው የኔ ነበር፣ የሻሽ።»

«ንጹሕ እኮ ነበር» አለች። «ፍሬ በፍሬ ነው የለቀምሁት።»

«ከውስጥ ነበር ያለው። ከውጭ አይታይም።»

ጎንበስ ብላ ብዙ አለቀሰች። ሀብተ ሥላሴ አጠገቧ ተቀመጠ። እንባዋን ስትጠርግ የጠየቀችው ነገር እሱ ያልጠበቀው ነበር።

«መቼ አወቅህ?»

«ሰባት ቀን ሆነኝ።»

«ሰባት ቀን? እሳቸው እዚያ ተኝተው?»

«ላንቺ ብዬ ነው።»

«ለኔ ብለህ አባን አስበላሃቸው» አለች። ነጠላዋን አደገደገችና ወጣች። እሱም ከኋላዋ ተከተለ።

ጓድ አዘዘ ጠረጴዛው ላይ እንዳቀረቀረ አዳመጣት። ስትጨርስ፣ «ባልሽ ነው ያስጠናሽ?» አላት።

«ባሌ ሰባት ቀን ዝም ሲል ነው የከረመው። ማስጠናቱንስ ቢችልበት።»

«ስንዴው የመጋዘን መሆኑን አምነሻል ማለት ነው።»

«የላቤ ነው። ከኔ ጋር የሚሰፉትን ጠይቃቸው፤ ስንዴ ሲሰፈርልኝ ያዩ ናቸው። አስቀርቼ ዳጉሳ ስበላ ሲስቁብኝም ነበር።»

አዘዘ ወደ ሀብተ ሥላሴ ዞሮ፣ «ሪፖርታችሁ ግን መጋዘኑን ይላል» አለው።

«ነቀዙ ከየት እንደመጣ ነው የሚለው፣ ጓድ። ማን እንዳመጣው አይልም። ያን የሚናገር ሰው ነው፤ ይችው መጣች።»

ሴቶቹ ተጠሩ፤ እውነቱን መሰከሩ። አቶ አንዳርጋቸውም ሪፖርታቸው ሰው ማሰሩን ሲሰሙ ደንግጠው ይህንኑ የሚያስረዳ ቴሌግራም ላኩ። በአራተኛው ቀን አባ ተፈቱ። በእግራቸው መቆም ስላልቻሉ ሀብተ ሥላሴና አንድ ቀዛፊ ደግፈው ወደ ታንኳው ወሰዷቸው። የሻሽወርቅ እግራቸው ሥር ወደቀች።

«ተነሺ ልጄ» አሏት። «ሠላሳ ዓመት መጋቢ ሆኜ ብዙ ነገር ጎድሎብኛል። ሳይጠሩት 'እኔ ነኝ' ብሎ የመጣ ሰው ግን አንድም አላየሁ።»

«ስለቴ ግን አባ? ተመለሰብኝ?»

አባ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «በጳጉሜን ሦስት ቀድሰንበታል፤ ቆርበንበታል» አሉ። «ያን ነቀዝ አይበላውም። ከዚያ ወዲህ ያለውን እኔም አላውቅ።»

አባ ወልደ ዮሐንስ በሐምሌ አሥራ ሁለት፣ በሚካኤል ዕለት ዐረፉ። ሳሉ ከዚያ ቆርቆሮ ክፍል አብሯቸው ወጥቶ ነበር። የሻሽወርቅ ለቀብር የሄደች ደሴቱ ላይ ሁለት ሳምንት ቆየች። በየቤቱ እየዞረች፣ ስንዴው ከሷ እንደነበረ እየተናገረች፣ ጎታውን አብራ እየጠረገች፣ በፀሐይ እያሰጣች፣ የቀረውን በወንፊት ትነፋ ነበር። አንዳንዱ መረቃት። አንዳንዱ በር ዘጋባት። የተዘጋባትንም ደጅ ሳታማርር አልፋ ወደሚቀጥለው ሄደች። በዚያ ዓመት የደሴቱ ሰው ስንዴ አልዘራም።

ከባሏ ጋር አልተጣላችም፤ ቤቷንም አልተወችም። ነገር ግን ስለዚያ ሰባት ቀን አንድም ቀን ደግማ አላነሣችም፤ ሀብተ ሥላሴም ብታነሣው ይሻለው ነበር። ከአበራም ደብዳቤ አልመጣም።

በነሐሴ፣ ፍልሰታ ሊፈታ ሲል፣ ካርታውን እንዲያሳያት ጠየቀችው። አምጥቶ ዘረጋላት። ጣቷን መጋዘኑ ላይ አድርጋ እስከ ደሴቱ ቀስ እያለች ጎተተችው።

«ይኼን ሁሉ ከዚያች ትንሽ ነገር ደም አወቁት?»

«አወቁት።»

«የማን ዘር እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ?»

«አዎ።»

ጣቷን ከካርታው ላይ አላነሣችም። «ለሰውስ ይሆናል?» አለች። «እንበል፣ በሩቅ አገር ስሙ ሳይታወቅ የወደቀ ልጅ ቢኖር። የእናቱን ደም ቢወስዱ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ይለዩታል?»

ሀብተ ሥላሴ ካርታውን አየ፤ እሷን ማየት አልቻለም። «እጠይቅልሻለሁ» አለ።

ጠየቀም። አቶ አንዳርጋቸው በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ፣ ጓሮ ብቻቸውን ሲያገኛቸው፣ የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስሎ ጀመረና መሐል ላይ «ልጄ» የሚል ቃል አመለጠው። እሳቸውም ገባቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ጋሽ ሀብተ፣ እኛ ለነቀዝ እንኳ ገና መጀመራችን ነው» አሉት። «ለሰው የሚሞክሩት አሉ፤ ሩቅ አገር። እኛ ጋ ገና ነው።»

ያን ዕለት ሀብተ ሥላሴ በሐይቁ ዳር አድርጎ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። የሻሽወርቅ በር ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። እንደ በፊቱ ሊያቆየው አሰበ፤ ከዚያ ግን ገና ሳይቀመጥ ነገራት።

«ጠየቅኋቸው። ገና ነው አሉ።»

«ገና ነው አሉ?»

«ገና ነው።»

በሩን ለቀቀችለት። «አይሆንም አላሉማ» አለች። «ገና ካሉ ደግ ነው። ግባ፣ ራትህ ቀርቧል።»